ጤነኛ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ጥቅምት 6

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እትዬስ እንዴት ናት? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎት አሁን ስመልስ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «ጩጬዋ ከተማረች ወዲህ ኮራች» ብለህ ለእትዬ ታሾፍብኛለህ። አልኮራሁም፣ ሥራ ውስጥ ተቀብሬ ነው። ደግሞ አንተ ስልክ የምትሰማ ሰው ብትሆን በአምስት ደቂቃ እንገላገል ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጆሮህ ሥር ብረት ስትቆርጥ ኖረህ ይኸው በፖስታ እንድንተዳደር ፈረድክብን።

የምሥራች አለኝ። የልብ ቫልቭ ጥናታችን በትልቅ መጽሔት ሊወጣ ነው፤ በጥር መጨረሻ ብለውናል። ስሜ ከፊት ነው የሚጻፈው።

«ምን እንደምትሠሩ ለደንበኞቼ የማወራው ያህል አስረጂኝ» ብለሃል። ሰው በልጅነቱ ጉሮሮውን ሲታመም ሰውነቱ ጀርሙን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች ያዘምታል። አንዳንድ ሰው ላይ እነዚህ ወታደሮች ጀርሙን ጨርሰውም አይመለሱም። የልብን ቫልቭ፣ ያቺን ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋውን ስስ በር፣ ጠላት መስላቸው ያጠቋታል። በሯ ትወፍራለች፣ ትጣበቃለች፣ በደንብ አትከፈትም። እማ ሦስት ደረጃ ወጥታ ግድግዳ ትደገፍ የነበረው ለዚህ ነው። እኛ ከወታደሮቹ የትኞቹ እንደሚሳሳቱ ለማወቅ የአርባ በሽተኛና የአርባ ጤነኛ ሰው ደም ጎን ለጎን ቆጠርን።

«የኔ ደም የት ደረሰ? ስሜስ ይወጣል ወይ?» ላልከው፣ የማንም ስም አይጻፍም። ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። አንተ ጤነኛ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነህ። ደምህ ሥራውን ሠርቷል፣ አታስብ።

ከደብዳቤህ ግርጌ ላይ እትዬ በእርሳስ «ከስቷል» ብላ ጽፋለች። ማነው የከሳው?

እህትህ

ኅዳር 3

ለጩጬዋ፣

የከሳሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ደብዳቤዬ ላይ በጎን ገብታ እንደምትጽፍ አላወቅኩም ነበር፤ ከእንግዲህ ፖስታውን ራሴ ነኝ የማሽገው።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ያላወራሁለት ሰው የለም። ከትርፍራፊ ብረት 31 ብዬ ቆርጬ የሱቁ በር ላይ በየድኩት። ሰዉ የቤት ቁጥር ይመስለዋል፤ «የለም፣ የጤንነት ማዕረጌ ነው» እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አፌን ሞልቼ ጤነኛ ነኝ የምል በያጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሁን ግን ማዕረጉን ሊነጥቁኝ ነው መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ እጄን ብረት ፈጀኝ። ትንሽ ናት፣ እንዲህ ያለውን ቃጠሎ በሳምንት ሦስት ጊዜ እቃጠላለሁ። ይቺ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልድን አለች። ከዚያ አፌ ቆሰለ፣ ትኩሳት መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ባለቤቴ እየጎተተች ወሰደችኝ። ከአንዱ ሐኪም ወደ አንዱ ሲመሩኝ መጨረሻው የደም ሐኪም ዘንድ ሆነ። ልጅ እግር ነው፣ ግን ረጋ ብሎ ነው የሚያስረዳው፤ ጆሮዬን ሲያውቅ በወረቀት ጻፈልኝ።

አንድ ዓይነት ነጭ ሴል በደሜ በዝቷል፣ ጀርም የሚጠብቀኝ ሌላው ዓይነት ደግሞ ከሚገባው በታች ወርዷል። ይህ ወይ የሚያልፍ ሕመም ያመጣው ነው፣ ወይ ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው። ሁለቱን የሚለየው ጊዜ ነው አለ። ሴሎቹ የዛሬ ስድስት ወርም በዝተው ከነበሩ ካንሰሩ ነው፣ መድኃኒት ዛሬውኑ ይጀመራል። የድሮ ምርመራ ከሌለኝ ግን ስድስት ወር ጠብቆ እንደገና መቁጠር ግድ ነው።

ያኔ ነው ደረቴን ነፍቼ «አለኝ እንጂ» ያልኩት። አምና ኅዳር አንቺ በእጅሽ የወሰድሽው አለ። ሐኪሙ በጣም ደስ አለው። ያን ወረቀት ቶሎ ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 14

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ቁጭ ባልኩበት ደርቄ ቀረሁ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ እዚያ ሆኜ ሐኪም ቤት ልወስድህ ሲገባኝ እትዬ ብቻዋን ተሸከመችው። ይቅርታ በላት።

አይዞህ። ሐኪሙ እንዳለው የሚያልፍ ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያልፍ ነው። ቴርሞሜትርና የአፍ መሸፈኛ ልኬልሃለሁ። ሙቀትህ ከሠላሳ ስምንት ካለፈ «እስኪ ነገ እናየዋለን» አትበል፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ። የሚጠብቅህ ሴል ሲያንስ ተራ ጉንፋን እንኳ ይጥላል። ጉንፋን የያዘው ደንበኛ ከሱቅ ይውጣ።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ ፋይሎቻችን ወደ ሌላ ክፍል እየተዛወሩ ስለሆነ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። እፈልገዋለሁ። ይቅርታ። ለእትዬ ደጋግሜ ሰላም ብያለሁ። ሥራ ይብቃህ፣ ቢያንስ እስከ ቀትር ብቻ ሥራ። በጣም ይቅርታ።

እህትህ

ታኅሣሥ 4

ለጩጬዋ፣

ቴርሞሜትሩ ደርሶኛል። ባለቤቴ በቀን አምስት ጊዜ ታጎርሰኛለች፣ ምግብ እንኳ እንዲህ አጉርሳኝ አታውቅም።

በደብዳቤሽ አራት ጊዜ ይቅርታ ብለሻል። ቆጠርኩ። ምን አጠፋሽና ነው? ወረቀቱ ጠፍቶብሽ ከሆነ በይው፣ መጥፋት ያለ ነው፤ እኔ የደንበኛ በር ልክ የጻፍኩበት ወረቀት ጠፍቶብኝ ጠባብ በር ሠርቼ አውቃለሁ። ሰውየው እስካሁን በጎኑ ነው የሚገባው።

ሐኪሙ ግን በየቀጠሮው ይጠይቀኛል። «እህትዎ ላኩ?» ይለኛል። «ይላካል» እላለሁ። እሱ እንደ ጠየቀኝ፣ እኔ እንደ ዋሸሁት ሁለት ቀጠሮ አለፈ። አለ ወይም የለም በይኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 10

ለወንድም ጋሼ፣

የለም። ደሙ ሳመጣው አውቶቡስ ውስጥ ሞቆ ተበላሽቷል፣ የተቆጠረ ነገር የለም። ቀደም ብዬ መንገር ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው።

ራስህን ጠብቅ።

እህትህ

ጥር 7

ለጩጬዬ፣

የእጅ ጽሑፌ ከተንጋደደ አልጋው ነው፣ አይዞሽ። ሳንባ ምች ነው አሉ። ዘጠኝ ቀኔ ነው እዚህ። የመጀመሪያዎቹን አራት አላስታውሳቸውም፤ ባለቤቴ ታስታውሳቸዋለች መሰለኝ፣ ስጠይቃት ፊቷን ታዞራለች። አሁን በአፍንጫዬ ቱቦ አለ፣ መተንፈስ ግን ችያለሁ። ጎኔ ያለው ሽማግሌ ሲያንኮራፋ አይሰማኝም፤ መደንቆር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ለሐኪሙ ደሙ መንገድ ላይ መበላሸቱን ነገርኩት። አዘነ። «እስከ ሚያዝያ እንጠብቃለን እንግዲህ፣ እስከዚያ እንዲህ ያለ ሌላ ሳንባ ምች እንዳይመጣ ብቻ» አለ። አልደበቀኝም፣ ስለዚህ እኔም አልደብቅሽም።

አንቺ ግን በዚህ ምክንያት ራስሽን እየበላሽ እንደሆነ ይሰማኛል። ተዪው። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የመንገዱ ነው። ያን ሳጥን አቅፈሽ ስትሄጂ በመስኮት አይቼሻለሁ እኮ፤ እማ ብታይሽ እንዴት ትኮራ ነበር ብዬ ነው ወደ ሥራዬ የተመለስኩት። መጽሔቱ ሲወጣ አንድ ላኪልኝ፣ ለሽማግሌው አሳየዋለሁ።

ወንድምሽ

ጥር 15

ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ሌላ ውሸት ይሆናል፣ ስለዚህ ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ሐኪምህ ሁሉንም ሰምቷል። ትናንት ጠዋት ደውዬ ነገርኩት፣ ወረቀቱንም ላክሁለት። ወረቀቱ አለ። አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ደምህ አልተበላሸም። ተቆጥሯል። አምና ኅዳር እነዚያ ሴሎች በደምህ ውስጥ ከጤነኛ ሰው አምስት እጥፍ ነበሩ፣ እኔም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

ሳጥኑን አቅፌ ስወጣ አይተኸኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየህም። አውቶቡሱ ውስጥ ከበደኝና ከኋላው መቀመጫ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ለካ ሞተሩ እዚያ ሥር ነው። ስነቃ በረዶው ውኃ ሆኗል፣ ሳጥኑ እጄን አሞቀኝ። ላብራቶሪ ደርሼ መዝገቡ ላይ «በረዶው ሳይቀልጥ ደርሷል» ብዬ ፈረምኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ እንቅልፍ ወሰደኝ ማለት አሳፈረኝ።

ማሽኑ ቁጥርህን ሲያወጣ ሙቀቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሙቀት ሴል ይገድላል እንጂ አያበዛም፣ ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ደንብ አለን፤ ጤነኛ ተብሎ ደም የሰጠ ሰው ቁጥሩ ከተዛባ ለሐኪም ይነገራል፣ ሐኪሙም ሰውየውን ይጠራዋል። ያን ባደርግ ግን መጀመሪያ የምጠየቀው «ሳጥኑ እንዴት ደረሰ?» የሚለውን ነበር። አለቃችን «ሠላሳ አንድ ምን ሆነ?» ሲሉኝ «ደሙ ረግቷል» አልኩና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩህ። የማን ደም እንደሆነ እያወቅኩ ነው።

ይህም አልበቃ። አንተን ሳስወጣህ ቁጥሮቹን የምናሳይበት ሥዕል አማረ። በሽተኞቹ ከላይ፣ ጤነኞቹ ከታች፣ በመሐል ንጹህ ክፍተት። አለቃችን «አሁን ጠራ» አሉ። ደስ አለኝ ጋሼ። ሌላው ሁሉ አልፎ ይቺን ደስታ ሳስታውስ ነው ፊቴ የሚቃጠለው።

የኅዳር ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ፋይሉን ከፈትኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የትኛውም ክፍል ወደየትም አልተዛወረም። መጽሔቱ በጥር ይውጣ፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ። በዚያ መሐል ነው ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቴርሞሜትር የላክሁልህ። ከዚያ አንተ ኦክስጅን አፍንጫህ ላይ ተሰክቶ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ብለህ ጻፍክልኝ። ያን ወረቀት ይዤ ቀጥ ብዬ አለቃችን ቢሮ ገባሁ።

ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምንድነው ያልነገርሽኝ?»

«አፍሬ።»

«በምን? በበረዶ?»

«በበረዶ።»

ከዚያ ተነስተው ፍሪዘሩን ራሳቸው ከፈቱ። ከደምህ የተረፈ አንድ ትንሽ ጠርሙስ እዚያ አለ፣ ቁጥሩ ሳይፋቅ። አሁን እሳቸው እየመረመሩት ነው። እነዚያ ሴሎች ሁሉ የአንዲት ሴል ልጆች ከሆኑ ካንሰሩ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ሐኪምህም እስከ ሚያዝያ አይጠብቅም።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታን ኅዳር ላይ በከንቱ ጨርሼዋለሁ።

እህትህ

የካቲት 16

ለእህቴ፣

ከወር በላይ ቆየሁ። መልስ አጥቼ አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ስለ ሥራዋ ነው አልኳት። አሳፈርሽኝ፣ ለእሷ መንገር አቃተኝ።

ተናድጃለሁ። እንቅልፉን ትቼዋለሁ፣ የደከመ ሰው ይተኛል። መሰረዙንም እያቃረኝ ልዋጠው እችላለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ሆስፒታል ተኝቼ አየር አጥሮኝ አንቺን ሳጽናና፣ አንቺ መልሱ እጅሽ ላይ ነበር። እማ ስትሞት ሰባት ዓመትሽ ነበር። ጸጉርሽን መጎንጎን የተማርኩት በነዚህ ብረት በሚያጣምሙ ጣቶች ነው። ምን እንዳላደርግሽ ነው የፈራሽኝ? ይህን እያሰብኩ ከሱቁ በር ላይ 31ን ልነቅለው ተነሳሁ። አቅም አነሰኝ። በደንብ ነው የበየድኩት።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ እንክብል ነው። አለቃሽ ከጠርሙሱ ያገኙትን ለሐኪሙ ልከውለታል፤ ሁሉም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። መድኃኒቱ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከአራት ወር በኋላ ነው። ይያዝ አይያዝ እሱም አያውቅም።

አሁን የኔን ስሚ። ይህን ለመጻፍ ነው ይህን ያህል የቆየሁት።

ደም የወሰድሽ ቀን መጠይቅ ሰጥተሽኝ ነበር። አንቺ መርፌውን ስታዘጋጂ እኔ ሞላሁ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የአፍ ቁስል፣ ድካም፣ ክብደት መቀነስ። አምስቱንም «የለም» አልኩ። አምስቱም ነበሩብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንሶላ እየቀየርኩ ነበር የማድረው፤ ባለቤቴንም ሙቀት ነው ብዬ ዋሽቻታለሁ። ከአርባ ጤነኛ አንዱ ተብዬ መቆጠር አማረኝ። ደግሞ አንቺ በሽተኛ ነው ብለሽ ትተሽኝ ሌላ ሰው ፍለጋ ስትሄጂ ታየኝና ሆዴ ባባ። እማም «ምንም አልሆንኩም» እያለች ነው ደረጃውን ስትወጣ የኖረችው። ትምህርቱን ከማን እንደወሰድነው አየሽው?

እውነቱን ብጽፍ ኖሮ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትጎትቺኝ ነበር፣ ሳጥንም አውቶቡስም አይኖርም ነበር። እኔ ስዋሽሽ አንቺ ገና አውቶቡሱ ውስጥ አልተኛሽም ነበር። ስለዚህ ሐፍረቱን ብቻሽን አትያዢው።

ግን አሁንም ተናድጃለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 24

ለወንድም ጋሼ፣

«ለእህቴ» ብለህ ጀምረሃል። ጩጬ ያላልክበት የመጀመሪያው ደብዳቤህ ነው። ይገባኛል።

መጠይቅህን ከመዝገብ አውጥቼ አየሁት። አምስት «የለም» በዚያ በትልልቁ ፊደልህ። ስትሞላው ከጎንህ ነበርኩ፣ ቀና ብዬ ፊትህን ባይ እኮ ይበቃኝ ነበር። የደም ሥርህን እንጂ አንተን አላየሁም።

ጥናቱ ሳይታተም ከመጽሔቱ ተነስቷል። አንተ ተመልሰህ ገብተሃል፣ ቦታህ ከጤነኞቹ ወገን ባይሆንም፤ ሌሎቹንም ሠላሳ ዘጠኝ ከአዲስ እየፈተሹ ነው። ክፍተቱ ጠቧል፣ ግን አልጠፋም፤ ቀስ ብሎ የእማን በሽታ የሚመለከት እውነተኛ ነገር ይወጣው ይሆናል። በሌላ ሰው ስም ይወጣል። እኔ ለአንድ ዓመት ማሽን እንዳልነካ ታግጃለሁ። ናሙና ማመላለስ ግን ማንም የማይወደው ሥራ ስለሆነ ለኔ ተሰጥቶኛል። ሳጥን ተሸክሜ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ሰላም ይሉኛል፣ ግን ጫማቸውን እያዩ ነው።

የደም ሐኪምህና አለቃችን ያንተን በሽታ አብረው ሊያጠኑ ነው፤ የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ደም ዋጋ አለው። ፈቃደኛ ከሆንክ በየሦስት ወሩ ሰው ይመጣል። መጠይቁን አብሬ ልኬዋለሁ፣ ሐኪም ሳያጣድፍህ ቁጭ ብለህ ሙላው። እኔ እንዳልመጣ ከፈለግክ እዚያው ላይ ጻፍ፣ ሌላ ሰው ይልካሉ። አልቀየምህም። እስካሁን ሆስፒታል ድረስ ያልመጣሁት አውቶቡስ አጥቼ አልነበረም፣ ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው።

እህትህ

መጋቢት 4

የጥናት ተሳታፊ መጠይቅ

ስም፦ ስም አይጻፍም ተብያለሁ።

ሥራ፦ በያጅ። ለጊዜው የባለቤቴ እስረኛ።

ትኩሳት አለዎት? አዎ። ከበፊቱ ይሻላል፣ በሳምንት አንዴ።

የሌሊት ላብ? አዎ። ከአምና ጥቅምት ጀምሮ። ባለቤቴም አሁን አውቃለች፤ አንሶላ ስቀይር ኖሬ መደበቄን ስነግራት አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ፣ ያንቺን ስነግራት ደግሞ ሁለት ቀን።

የአፍ ቁስል? አዎ፣ ሁለት። አንዱ እየጠገገ ነው።

ድካም? አዎ። መዶሻ ሳነሳ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ነው የጻፍኩት።

ክብደት መቀነስ? ባለቤቴ በእርሳስ ጽፋለች።

ጤነኛ ነኝ ብለው ያምናሉ? አላምንም። በሽተኛ ቁጥር ስንት እንደሆንኩ ጻፊልኝ፣ በሩ ላይ ከ31 ሥር የሚበየድ ቦታ ትቻለሁ።

በጥናቱ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ አለዎት? አዎ። አንዲት ጩጬ።

ደም ለመስጠት ይስማማሉ? አዎ። ሌላ ሰው እንዳይልኩ። ሳጥኑን ይዘሽ ራስሽ ነይ። ስትመለሺ ጭንሽ ላይ ያዢው፤ እንቅልፍ ከመጣብሽም ጎንሽ የተቀመጠውን ሰው «አደራ፣ ቀስቅሰኝ» በይው።